ሳሎን ይሞቃል፣ የእናቴ ክፍል ይበርዳል፤ ቴርሞስታቱ የት ቢሰቀል ይሻላል? (ደሴ)

የጦሳ ጥላ
ኅዳር 12፣ ከምሽቱ 3፡10

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ውስጥ የቤት ማሞቂያን ጉዳይ ብዙ ሰው አያነሳም፤ ብርዱን በጋቢና በቡና ነው የምንገፋው። እኔ ግን ማሞቂያ በተገጠመለት ቤት ውስጥ ተቀምጬ በብርድ የተቸገርኩ ሰው ስለሆንኩ ምክር ፍለጋ መጥቻለሁ።

ቤታችን ጦሳ ግርጌ ያለ የብሎኬት ቤት ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ቶሎ ስለምትሸሸግብን ቅዝቃዜው እኛ ዘንድ ቀድሞ ይገባል። እናቴ የመገጣጠሚያ ሕመም ስላለባት ውጭ አገር የሚኖረው ወንድሜ ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉ ሦስት የኤሌክትሪክ ማሞቂያዎች ላከላት፤ እያንዳንዳቸው 1,500 ዋት ናቸው። አንደኛው ሳሎን፣ ሁለተኛው እናቴ መኝታ ቤት፣ ሦስተኛው ልጆቹ ክፍል ተገጠሙ። ሦስቱንም የሚያበራቸውና የሚያጠፋቸው ሳሎን ግድግዳ ላይ ያለ አንድ ቴርሞስታት ነው። 21 ዲግሪ ላይ አድርገነዋል።

ችግሩ እንዲህ ነው። ማታ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ራት በሚበላበት ሰዓት ማሞቂያዎቹ ጠፍተው ይቆያሉ። ቴርሞስታቱ 22 ያሳያል፤ የእናቴ ክፍል ግን እጅ ያደነዝዛል። ሁላችንም ከተኛን በኋላ ደግሞ ሦስቱም ይነሱና አይቆሙም፤ ሊነጋጋ ሲል እናቴ በላብ ተነክራ መስኮት ትከፍታለች። «ሲመሽ ቦሩ ሜዳ፣ ሲነጋ ባቲ» ትለዋለች፤ አንዱ ብርዳም፣ አንዱ ሞቃት አገር ነውና።

የገጠመው ባለሙያ «የእናትህ ክፍል ማሞቂያ አንሶት ነው፣ በ2,500 ዋት እንቀይረው» ይላል። ልግዛ ወይስ ሌላ መላ አለ?


ሐረጎ
ኅዳር 12፣ ከምሽቱ 3፡32

ወንድምዓለም፣ ለዚህ ሁሉ ሽቦ ምን አደከመህ? አንድ የከሰል ምድጃ አቀጣጥለህ ክፍሏ ውስጥ ብታስቀምጥላት እስከ ንጋት ያቆያታል። እኛ ያደግነው በዚሁ ነው።


ነርሷ
ኅዳር 12፣ ከምሽቱ 3፡41

ሐረጎ፣ ይህንን ምክር እባክህ አንሳው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ አያስነጥስም፣ አያስልም። ደም ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ስለሚጣበቅ ሰውነት አየር እየሳበ በኦክስጅን እጦት ይታፈናል። የተኛ ሰው ራስ ምታቱን እንኳን ሳያውቀው ያልፋል። «ፍሙ ነጥቷል፣ ጭስ የለውም» ማለት መድኃኒት አይሆንም፤ ጋዙ ጭስ አይደለምና። ቡና ሲፈላ በር ተከፍቶ፣ ሰው ነቅቶ ነው። መኝታ ቤት ውስጥ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ለአረጋውያንማ ጭራሽ።


ሐረጎ
ኅዳር 12፣ ከምሽቱ 3፡50

አብሽሪ እህቴ፣ ተቀብያለሁ። ከሰሉ ይቅር።


ባለ ቴስተር
ኅዳር 12፣ ከምሽቱ 4፡15

የጦሳ ጥላ፣ ገንዘብህን ያዝ። 2,500 ዋት ብታስገባላትም ትእዛዙን የሚቀበለው ከዚያው ሳሎን ካለው ቴርሞስታት ነው። ቴርሞስታቱ «በቃ» ሲል ትንሹም ይጠፋል፣ ትልቁም ይጠፋል። ማታ አሁን እንደሚበርዳት ይበርዳታል፤ ሌሊት ደግሞ ከባቲ አልፋ አፋር ትገባለች።

እኔ በዚህ ሥራ ውስጥ ያለሁ ሰው ነኝ። ማሞቂያ የሚገጥም እጅ ብዙ አለ፤ ቴርሞስታቱን የት እንደሚሰቅል የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ብዙ ጊዜ ሽቦ የሚቀርብበት ቦታ ተመርጦ ይሰቀልና ሥራው አለቀ ይባላል። ቴርሞስታት ስለ ቤትህ ምንም አያውቅም፤ የሚያውቀው ሳጥኑ ውስጥ የገባችውን አየርና የተለጠፈበትን ግድግዳ ብቻ ነው። ስለዚህ እነዚህን መልስልኝ፦ የትኛው ግድግዳ ላይ ነው? ከግድግዳው ጀርባ ምን አለ? ከስሩስ? ከወለል ምን ያህል ከፍ ይላል? ሽቦው ከየት ነው የሚመጣው፣ ከኮርኒስ ወይስ ከታች? ማሞቂያዎቹ ራሳቸው ላይ የሚዞር መቆጣጠሪያ አላቸው?


የጦሳ ጥላ
ኅዳር 12፣ ከምሽቱ 4፡48

ጥያቄህን እያነበብኩ ተነስቼ አየሁት። ቴሌቪዥኑ ያለበት ግድግዳ ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ ነው። ልጆች እንዳይነካኩት ተብሎ ከፍ ተደርጓል፤ ስለካው 2 ሜትር ከ10 ሆነ። ሽቦው ከኮርኒስ በቱቦ ወርዶ ከጀርባው ይገባል። ማሞቂያዎቹ ጎናቸው ላይ መዘውር አላቸው፤ ሦስቱም እስከ መጨረሻው ተከፍተዋል።

ከግድግዳው ጀርባ ያለው ወጥ ቤት ነው። ይባስ ብሎ የኤሌክትሪክ ምጣዱ የተቀመጠው እዚያው ግድግዳ ላይ ተጠግቶ ነው። እንጀራ የሚጋገረው ደግሞ አመሻሹ ላይ ነው።


ባለ ቴስተር
ኅዳር 12፣ ከምሽቱ 5፡02

እንግዲህ ቴርሞስታቱ ከእናትህ ጋር ሳይሆን ከምጣዱ ጋር ነው የሚኖረው። ብሎኬትና ልስን ሙቀት ከያዙ ቶሎ አይለቁም፤ ምጣዱ ከጠፋ በኋላም ግድግዳው ለረጅም ሰዓት ለብ እንዳለ ይቆያል። ከስሩ የቴሌቪዥኑ ሙቀት ይወጣል። ከሁለት ሜትር በላይ ያለው አየር ደግሞ ምንም ባይጋገር እንኳን እናንተ ከተቀመጣችሁበት ይሞቃል፣ ሞቃት አየር ወደ ኮርኒስ ይወጣልና። ሦስቱ ተደምረው «ቤቱ ሞቋል» ያሰኙታል።

የምሽቱ ይህ ነው። የሌሊቱ ምክንያት ግን ሌላ ይመስለኛል፤ ያ ከኮርኒስ የሚወርደው ቱቦ አልጣመኝም።


የፊዚክስ መምህር
ኅዳር 13፣ ከጠዋቱ 1፡20

ባለ ቴስተር የተናገረው ሁሉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ግድግዳ ከመቦርቦር በፊት ልኬት ይቅደም። ተራ የግድግዳ ቴርሞሜትር ሁለት ግዛ። ከመለካትህ በፊት ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠህ እኩል ማንበባቸውን አረጋግጥ፤ ልዩነት ካላቸው ልዩነቱን ጽፈህ ያዝ። ከዚያ አንዱን ሳሎን ውስጥ በተቀመጠ ሰው ደረት ቁመት፣ ሌላውን እናትህ ክፍል በትራስ ቁመት አንጠልጥል። ግድግዳ ላይ አታስጠጋቸው፤ ወንበር መደገፊያ ላይ በክር ይንጠልጠሉ። ማታ ከጋገራ በኋላና ሊነጋ ሲል ሁለቱንም አንብብ፣ ቴርሞስታቱ የሚለውንም አብረህ መዝግብ። ለጥቂት ሌሊቶች ብቻ።

በነገራችን ላይ፣ የክፍል ሙቀት የሚቆጣጠር ኤሌክትሪክ ቴርሞስታትን በ1883 በፈረንጆች አቆጣጠር አሜሪካ ዊስኮንሲን ውስጥ በፓተንት ያስመዘገበው ዋረን ጆንሰን መምህር ነበር። ማሞቂያ የሚያነድደው ሠራተኛ የክፍሉን ሙቀት ለማየት በየጊዜው እየገባ ትምህርት ያቋርጥበት ስለነበር ነው ይባላል። የእኔ ተማሪዎች ይህንን ሲሰሙ «ለእኛም የሚያቋርጥ ይምጣልን» አሉኝ።


የአረብ ገንዳ እናት
ኅዳር 13፣ ከጠዋቱ 3፡05

ልጄ፣ እናትህን ይማርልህ። እኔም ጉልበቴ ስለሚያመኝ ነገሩ ገብቶኛል። ሽቦውን ለባለሙያዎቹ ልተው፤ እኔ የምጠይቅህ ሌላ ነው። የእናትህ ክፍል በር ከስሩ ስንት ጣት ክፍተት አለው? መጋረጃዋ እስከ መሬት ወርዶ ማሞቂያውን ሸፍኖት ይሆን? እኔ ቤት እንዲህ ነበር፤ ሙቀቱ በሙሉ በመጋረጃውና በመስኮቱ መካከል ይቀር ነበር። መጋረጃው ተቆርጦ ከማሞቂያው በላይ ሲቀር ክፍሉ ሌላ ክፍል ሆነ። ደግሞም ማሞቂያ ላይ መጋረጃም ሆነ ልብስ ማረፍ የለበትም፣ እሳት ያስነሳል። ነጠላ እንኳን አታስጡበት።


የጦሳ ጥላ
ኅዳር 13፣ ከጠዋቱ 4፡30

እማማ አሜን፣ እርስዎንም ይማርዎት። መጋረጃው ማሞቂያውን አልሸፈነውም። የበሩ ክፍተት ግን እንዳሉት ነው፤ ድመት ባይገባበትም አይጥ አያስቸግረውም። ክፍሏ የቤቱ ጥግ ላይ ስለሆነ ሁለት ግድግዳዎቹ የውጭ ናቸው።

ጋሽ መምህር፣ እንዳሉት ልለካ ነው። ውጤቱን ይዤ እመለሳለሁ።


የቦርከና ዳር ዶሮ አርቢ
ኅዳር 13፣ ከቀኑ 7፡15

ከኮምቦልቻ ነኝ። እኛ እዚህ ለሰው ማሞቂያ አያስፈልገንም፤ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ስለምንል በአራት ዲግሪ ያህል እንበልጣችኋለን። እናንተ ካፖርት ለብሳችሁ ስትወርዱ ሐረጎ ተራራ ላይ ስታወልቁ እናያለን። ለጫጩት ግን ያስፈልገናል፤ ችግሩም ቁርጥ የእናንተው ነው።

የአንድ ቀን ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ትፈልጋለች፤ ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል እየቀነስን እንሄዳለን። ጀማሪ አርቢ ቴርሞስታቱን የሚሰቅለው ለማንበብ እንዲመቸው በራሱ ዓይን ቁመት ነው። እዚያ ላይ 34 ይላል፤ ወለሉ ላይ ግን ጫጩቶቹ ተደራርበው ይተፋፈጋሉ፣ ከስር ያሉትም ታፍነው ይሞታሉ። ዶሮ የሚኖረው መሬት ላይ ነው፤ ሰንሰሩም (ሙቀቱን የሚለካው ክፍል) በጫጩት ጀርባ ቁመት ነው የሚንጠለጠለው፣ ከሚያሞቃቸው አምፖል ቀጥታ ብርሃን ወጣ ብሎ። ጫጩቷ ራሷ ደግሞ ትነግርሃለች፦ ከተከማቹ በርዷቸዋል፣ ከአምፖሉ ሸሽተው ክንፋቸውን ከዘረጉ ሞቋቸዋል፣ ወለሉ ላይ ተበትነው ከጫሩ ልክ ነው።

እናትህ መስኮት ስትከፍት ቴርሞሜትሩ እሷ ናት።


ከሰሜን አውሮፓ የተመለሰ
ኅዳር 13፣ ከምሽቱ 1፡40

ይህ ችግር የደሴ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እኔ በኖርኩበት አገር ቤቱን የሚያሞቀው በቧንቧ የሚዞር ሙቅ ውሃ ነው፤ እዚያም አንድ ቴርሞስታት ሳሎን ወይም ኮሪደር ላይ ተሰቅሎ መላውን ቤት ያዛል። ኮሪደር ላይ ከሆነ የውጭው በር በተከፈተ ቁጥር ይበርደውና ቤቱን ያነድደዋል፤ ሳሎን ምድጃ አጠገብ ከሆነ መኝታ ቤቶቹ ይቀዘቅዛሉ።

ደንቡ አጭር ነው። የውስጥ ግድግዳ፤ ከወለል አንድ ሜትር ተኩል ገደማ፤ ፀሐይ የማያርፍበት፤ ከመስኮት፣ ከውጭ በር፣ ከወጥ ቤት፣ ከመብራትና ከማሞቂያው ራቅ ያለ፤ አየር እንደ ልብ የሚያልፍበት፣ ከቁም ሣጥን ጀርባ ወይም ከመጋረጃ ስር ያልተደበቀ። ዛሬ በገበያ ላይ ገመድ አልባ ቴርሞስታት አለና ግድግዳ ሳትቦረቡር የፈለግህበት ልታስቀምጠው ትችላለህ። እኔ ብሆን ያንን እገዛ ነበር።


ባለ ቴስተር
ኅዳር 13፣ ከምሽቱ 2፡05

ገመድ አልባው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ባትሪ ይፈልጋል፣ መቀበያውም መብራት ሄዶ ሲመጣ በምን ሁኔታ እንደሚነሳ ሳይታወቅ መገጠም የለበትም። አንዳንዱ ጠፍቶ ይነሳል፤ ሌሊት መብራት ሄዶ ከመጣ እናትየው እስኪነጋ ይበርዳቸዋል። ሲገዛ ሱቁ ውስጥ ሶኬቱን ነቅሎ መሰካትና ማየት ነው።

ደግሞ የቦታውን ጉዳይ ገመድ አልባ መሆኑ አይፈታውም። አንስተው ተመልሰው ቴሌቪዥኑ ላይ ካስቀመጡትስ?


የጦሳ ጥላ
ኅዳር 18፣ ከጠዋቱ 2፡50

ተመልሻለሁ፤ ልኬቱም እነሆ። ሁሌም ቴርሞስታቱ 21 ላይ እንደተስተካከለ ነው።

ከጋገራ በኋላ፣ ራት ሰዓት ላይ፦ ቴርሞስታቱ 22 ሲል ሳሎን በደረት ቁመት 18 ተኩል ነው፤ እናቴ ክፍል 14። ማሞቂያዎቹ ጠፍተዋል።

ሊነጋ ሲል፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ፦ ቴርሞስታቱ 18 ይላል፤ ሳሎን 21፣ እናቴ ክፍል 25። ማሞቂያዎቹ በርተዋል።

የመጀመሪያው አልገረመኝም፣ ነግራችሁኛልና። ሁለተኛውን ግን ልረዳው አልቻልኩም። ከፍ ብሎ የተሰቀለው ከተቀመጥንበት ቀዝቅዞ ያነባል?


የፊዚክስ መምህር
ኅዳር 18፣ ከጠዋቱ 3፡30

ይህ ልኬት ወርቅ ነው። ማታ በሦስት ተኩል ዲግሪ ከፍ አድርጎ ያነባል፣ ሌሊት በሦስት ዲግሪ ዝቅ አድርጎ ያነባል። ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ቢሳሳት ኖሮ መዘውሩን በዚያው ልክ አዙረን እንገላገል ነበር። በሁለት አቅጣጫ ሲሳሳት ግን የትኛውም ቁጥር ላይ ብታደርገው ከሁለቱ ሰዓቶች በአንዱ ይበድላችኋል። ስለዚህ መፍትሔው ቁጥር መቀየር አይደለም፣ ቦታ መቀየር ነው።

የእናትህ ክፍል ከሳሎን በላይ የሚሞቅበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ ትንሽ ክፍል ነው፣ ማሞቂያው ግን የሳሎኑን ያህል 1,500 ዋት ነው። ያለ ማቋረጥ ሲሠራ ትንሹ ክፍል ያልፋል። ሲጠፋም ሁለት የውጭ ግድግዳ ስላለው ቶሎ ይወርዳል። የማሞቂያ ማነስ የሚባለው ነገር የትም አልታየም።


ባለ ቴስተር
ኅዳር 18፣ ከቀኑ 6፡10

ቱቦው ነው። ማጣራት ከፈለግህ ዋናውን ብሬከር አጥፋ፣ በቴስተር መብራት አለመኖሩን አረጋግጥ፣ ከዚያ የቴርሞስታቱን ፊት አውልቀህ ዕጣን አጭስና ወደ ቱቦው አፍ አስጠጋ። ሌሊት ላይ ወይም በማለዳ አድርገው፤ በቀን ላይታይ ይችላል።


የጦሳ ጥላ
ኅዳር 19፣ ከጠዋቱ 1፡05

ጭሱ ወደ ፊቴ ተመለሰ! ከቱቦው የሚወጣው አየር ፊት ላይ ይሰማል፣ እንደ በረዶ ነው። እናቴ በዚህ ሰዓት ዕጣን ሲሸታት «ዛሬ ምን በዓል ነው?» ብላ ወጣች።


ባለ ቴስተር
ኅዳር 19፣ ከጠዋቱ 1፡40

ተገኘ። ሌሊት ሰማዩ ጠርቶ ሲያድር ቆርቆሮው ከውጭው አየርም በላይ ይቀዘቅዛል፤ ከስሩ ያለው አየር አብሮት ይቀዘቅዝና ይከብዳል፣ በጣሪያው ጠርዝም ነፋስ ይገፋዋል። በቱቦው ወርዶ የሚወጣበት ቀዳዳ ደግሞ ልክ ከቴርሞስታቱ ጀርባ ነው። ቴርሞስታቱ ሌሊቱን ሙሉ የሚለካው የጣሪያችሁን ሙቀት ነው። ሦስት ማሞቂያ ቢያነድዱለትም ጣሪያው አይሞቅለትም፤ ለዚህ ነው የማይቆሙት። ቆጣሪያችሁም በከንቱ ይቆጥራል።

የቱቦውን አፍ ሽቦዎቹ ባለፉበት ዙሪያ በሲሊኮን ድፈነው፣ ከላይ ኮርኒስ ውስጥ ያለውንም አፉን እንዲሁ። ይህ ቴርሞስታቱ ወደ የትም ቢዛወር መደረግ ያለበት ነው፤ አዲሱም ቦታ ላይ ሽቦ በቱቦ ነው የሚመጣው። ጨርቅ አትወትፍበት፤ በሽቦ መገጣጠሚያ አጠገብ የሚነድድ ነገር አይቀመጥም።

አሁን ወደ ዋናው። ሁለት አማራጭ አለህ።

አንደኛው ቴርሞስታቱን ብቻ ማዛወር ነው፤ ርካሽ ነው። ግን የእናትህ ክፍልና ሳሎኑ በአንድ ትእዛዝ እንደታሰሩ ይቀራሉ።

ሁለተኛው የእናትህን ክፍል ከሌሎቹ መለየት ነው። 1,500 ዋት በ220 ቮልት ስታካፍለው 7 አምፔር እንኳን አይሞላም፤ 16 አምፔር የሚችል የግድግዳ ቴርሞስታት ያለ ኮንታክተር (ቴርሞስታቱ እያዘዘው ከባድ ጭነት የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) በቀጥታ ያዘዋል። ሦስቱ ማሞቂያዎች ግን አንድ ላይ ከ20 አምፔር ስለሚያልፉ ነው መጀመሪያ ኮንታክተር ያስፈለጋችሁ። ለእሷ ክፍል በ2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ የራሱ መስመርና የራሱ 16 አምፔር ብሬከር፣ ክፍሏ ውስጥ አንድ ቴርሞስታት። የእኔ ምርጫ ይህ ነው።


ሐረጎ
ኅዳር 19፣ ከጠዋቱ 2፡15

ከከሰሉ ወዲህ ዝም ብዬ ነበር፤ አሁን ግን ጥያቄ አለኝ። ማሞቂያው ራሱ ላይ መዘውር አለ ተብሏል። ታዲያ የእናትየውን ማሞቂያ በቀጥታ ከመብራት አገናኝቶ በዚያ መዘውር ማስተካከል አይበቃም? አዲስ ቴርሞስታት ለምን?


ባለ ቴስተር
ኅዳር 19፣ ከጠዋቱ 2፡40

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ሐረጎ። ለጊዜው ይበቃል፤ እንዲያውም መዘውሩን ማስተካከል ዛሬ ማታውኑ መደረግ ያለበት ነው። አሁን ባለው አሠራር ሁለቱ መቆጣጠሪያዎች ተከታትለው ነው የቆሙት፤ ሁለቱም ካልፈቀዱ ማሞቂያው አይሠራም። ስለዚህ የእናትየውን መዘውር ወደ መካከል ዝቅ ማድረግ የሌሊቱን ላብ ያስቀራል። የምሽቱን ብርድ ግን አያስቀርም፤ እሱ የሳሎኑን ፈቃድ ይጠብቃልና።

መስመሩን ከለየን በኋላም የመዘውሩ ጉድለት፣ ሰንሰሩ ማሞቂያው አካል ውስጥ መሆኑ ነው። የራሱ ሙቀት ያታልለዋል፤ ክፍሉ ሳይደርስ እሱ ይደርሳል። ቁጥርም የለውም፣ ነጥብ ብቻ ነው። ለጤነኛ ሰው ይበቃል። ለታመመ ሰው ክፍል ተለይቶ የተሰቀለ ይሻላል።


የፊዚክስ መምህር
ኅዳር 19፣ ከጠዋቱ 4፡00

አንድ ነገር ልጨምር። ቤታችሁ ማታ ላይ ቮልቴጁ ይወርዳል? የማሞቂያ ኃይል ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ነው የሚሄደው። 220 መሆን የሚገባው 190 ከሆነ 1,500 ዋት የተባለው ወደ 1,120 ዋት ይወርዳል፤ ሩቡ ጠፋ ማለት ነው። ሁሉም ሰው ምጣድ በሚጥድበት ሰዓት ይህ የሚያጋጥም ነው። ስለዚህ እናትየው ከመተኛታቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ሳይሆን ገና በአሥራ ሁለት ሰዓት ክፍሉ መሞቅ ቢጀምር ይመረጣል።

ሌላው የጭነቱ ድምር ነው። ሦስት ማሞቂያ፣ 3,500 ዋት ምጣድ፣ የሻወር ውሃ ማሞቂያ ቢጨመር ከ45 አምፔር ሊያልፍ ይችላል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሁሉም አንድ ላይ ይነሳሉ። ዋናው ብሬከርና ከቆጣሪ የሚመጣው ሽቦ ይህንን መቻላቸውን ባለሙያ ይመልከተው።


የአረብ ገንዳ እናት
ኅዳር 19፣ ከቀኑ 8፡20

ጋገራውን ወደ ረፋድ አድርጉት፣ ተገላገሉ። ለእንጀራውም ለመብራቱም ይሻላል።

ልጄ፣ አዲሱን የት ልትሰቅሉት አሰባችሁ? ክፍሏ ውስጥ ባለሙያ «እዚህ ይመቸኛል» ብሎ ሳይሰቅለው በፊት የክፍሏን በር እስከ ጥግ ክፈተው። አንዳንዱ በሩ ሲከፈት ከበሩ ጀርባ የሚውልበት ቦታ ላይ ይሰቅለዋል። አልጋዋም ራስጌ አጠገብ አይሁን፤ ትራስ ይደገፍበታል፣ ብርድ ልብስ ይንጠለጠልበታል።


የጦሳ ጥላ
ኅዳር 19፣ ከምሽቱ 1፡30

እማማ፣ ሳይነግሩኝ ቢቀር ኖሮ ከበሩ ጀርባ ነበር የሚሰቀለው። ባለሙያው በእርሳስ ምልክት አድርጎ ሄዷል!

ሁለተኛውን አማራጭ መርጠናል። ለእናቴ ክፍል ያሰብነው ኮሪደሩን የሚያዋስነው የውስጥ ግድግዳ ነው፤ ከአልጋዋ ፊት ለፊት፣ ከማሞቂያው በተቃራኒ በኩል፣ በ1 ሜትር ከ40። የሳሎኑን ደግሞ ከቴሌቪዥኑ ግድግዳ አንስተን ሳሎኑንና የልጆቹን ክፍል ወደሚለየው ግድግዳ እናመጣዋለን። ችግር ይኖረው ይሆን?


ከሰሜን አውሮፓ የተመለሰ
ኅዳር 19፣ ከምሽቱ 1፡55

የሳሎኑ ግድግዳ ጠዋት ፀሐይ ያገኘዋል? ምሥራቅ መስኮት ካለ ብርሃኑ ፊት ለፊት የሚያርፍበትን ቦታ እይ።


የፊዚክስ መምህር
ኅዳር 19፣ ከምሽቱ 2፡10

ከመቦርቦር በፊት ቴርሞሜትሮቹን ልክ በታሰበው ቦታ ላይ በፕላስተር ለጥፍና አንድ ቀን ከነሌሊቱ ተከታተላቸው። በወንበሩ ላይ ካለው ንባብ ጋር በአንድ ዲግሪ ውስጥ ከተስማሙ ቦታው ይሆናል።


የጦሳ ጥላ
ታኅሣሥ 2፣ ከጠዋቱ 3፡15

ሥራው አልቋል። የሳሎኑ የታሰበው ቦታ እንደተባለው ጠዋት ፀሐይ አርፎበት እስከ 26 ወጣ፤ ስለዚህ በዚያው ግድግዳ ላይ ብርሃኑ የማይደርስበት ጥግ ድረስ ገፋ አደረግነው፤ እዚያ ላይ ተስማማ። የቱቦዎቹ አፍ ሁሉ በሲሊኮን ተደፍኗል። ለእናቴ በር ስር ባለ ጎማ ማገጃ ተገጥሞለታል። ጋገራው ረፋድ ላይ ሆኗል፤ ባለቤቴ መጀመሪያ ብታጉረመርምም አሁን ራሷ ትመርጠዋለች።

እናቴ ክፍል 20 ላይ አድርገነዋል። ማታ ስትገባ 19 ተኩል ወይም 20 ነው፤ ሊነጋ ሲልም ያው ነው። ሳሎን 19 ላይ ተደርጎ ማንም አልበረደውም፤ ለካ 21 ስንል የነበረው 18 ኖሯል። አዲስ ማሞቂያ አልተገዛም።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። የእናቴ ክፍል ቴርሞስታት ሌሊት ቶሎ ቶሎ ጠቅ ጠቅ ይላል፤ እንቅልፏን ይነሳታል። ተበላሽቶ ይሆን?


ባለ ቴስተር
ታኅሣሥ 2፣ ከጠዋቱ 3፡50

አልተበላሸም። በማብሪያና በማጥፊያው መካከል ያለው ልዩነት በጣም ጠብቦ ነው፤ ምናልባት ግማሽ ዲግሪ ላይ ይሆናል። ቁጥር ማሳያ ያለው ከሆነ ማስተካከያውን መመሪያ ወረቀቱ ላይ ታገኘዋለህ፤ ወደ አንድ ዲግሪ አሳድገው። ክፍሏ ከ20 እስከ 19 ቢወርድ አትነቃበትም፤ ጠቅታው ግን ይቀንሳል፣ የውስጡ መገናኛም ዕድሜ ያገኛል።

ከቴሌቪዥኑ በላይ የቀረውን አሮጌ ቀዳዳስ ምን አደረጋችሁት?


የጦሳ ጥላ
ታኅሣሥ 2፣ ከምሽቱ 1፡20

ወደ አንድ ዲግሪ አደረግሁት። ቀዳዳው ላይ ሽቦዎቹ ከብሬከሩ ተለያይተው ጫፋቸው ተሸፍኖ ባዶ ክዳን ተገጥሞበታል፤ ጀሶ ለመምታት ቀለም ቀቢውን እየጠበቅን ነው።